ሰይድን አትልቀቅብን

የኳስ ደጋፊ የሚባለው ሰው ይገርመኛል። ሜዳው የእሱ አይደለም፣ ኳሱ የእሱ አይደለም፣ ተጫዋቹን አልወለደውም፣ አላሳደገውም፣ ምሳ እንኳ ጋብዞት አያውቅም። ግን «ቡድኔ» ይላል። «አጥቂያችን» ይላል። ያ አጥቂ የሌላ ቡድን ማልያ ለብሶ ስልኩ ላይ ብቅ ያለ ዕለት ሚስቱ ጥላው የሄደች ይመስል ፍራሹ ላይ ተገልብጦ ይውላል። ብታጽናኑት ይናደዳል፣ ባታጽናኑት ያኮርፋል። የቡድኑን ባለቤት ከነዘር ማንዘሩ ሲረግም፣ ባለቤቱ በዚያች ሰዓት አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ደጋፊ የራሴ የሚለው ነገር ቢኖረው ንዴቱ ነው። እሱን ማንም አሳልፎ አይሰጥበትም።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ የማይ መስሏችሁ እንዳትቀየሙኝ። እኔም ያው ነኝ። እንዲያውም ዋናዋ ነኝ።

ሪያድ ላይ ሙቀቱ ሲበረታና ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት የሚወራው ስለ ዝውውር ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ውሉን አላድስም አለ። እኔ ዓባያ የምሰፋበት ሱቅ ባለቤት፣ አቡ ፈሀድ የሚባሉ ደርባባ ሽማግሌ፣ የሚደግፉት ትልቅ ቡድን አማካዩን የለቀቀ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኛ አላናግርም ብለው መጋረጃ ጀርባ ተቀመጡ። እኔም ሻይ ይዤ ገባሁና «ኸላስ፣ በቃ፣ አላህ ይተካል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ ስንዱ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ አሉኝ። ሻዩን አስቀምጬላቸው ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። የማውቀውን ብነግራቸው ሻዩ ይቀዘቅዝ ነበር።

ምን አውቃለሁ መሰላችሁ? ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሦስተኛ ክፍል በሩን አይቼ ተመልሻለሁ። ስለ ውል ግን እኔን ጠይቁኝ። ስለ መልቀቂያ፣ ስለ ዝውውር፣ «ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው» ስለሚባለው ነገር፣ እዚህ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ፕሮፌሰር ነው። ከፊል በሚሉት አሠሪ፣ በሦስቱ እጅ አልፌያለሁ። ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው ስዛወር፣ ነቅል ይሉታል እዚህ፣ ፊርማ የጠበቅሁትን ያህል ሰው ልጅ አርግዞ አይጠብቅም። ከሁለተኛዋ ማዳሜ ለመላቀቅ ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷን ትንሽ ቆይቼ አነሣታለሁ። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ስለ ውል የሠራችውን ስሕተት ስሙና ፍረዱ።

ጉበይራ የሚባለው የሪያድ ሰፈር ውስጥ የእኛ ሰው የኳስ ቡድን አለው። ዓርብ ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለው በሽቦ የታጠረ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ሱወይዲም ቡድን አለው፣ ጀራዲያም እንደ ነገሩ አለው። የእኛ ባለቤት ደምሴ ይባላል፤ የመኪና ወንበር ልብስ ያለብሳል። ባለቤት ያልነው ሜዳውን የሚከራየው፣ ማልያውን ያሠራውና ከጨዋታ በኋላ ሩዙን በትልቅ ትሪ የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ ነው። ማልያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ይህ ሰው ሩዙን በነጻ አያበላም። እያንዳንዱን ተጫዋች ወረቀት ያስፈርማል፤ መልቀቂያ ካልተሰጠኝ በቀር ለአንድ ዓመት ከጉበይራ ሌላ ለማንም አልጫወትም፣ አልቀርምም፣ የሚል። ሌሎቹም ቡድኖች ያንን መልቀቂያ ካላዩ ተጫዋቹን አይቀበሉም። ደምሴ ይህን ወረቀት ከየት ቀዳው ብላችሁ አትድከሙ። ሁላችንም የፈረምነው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ያሳየን ቀን ሳቅንበት። ጥሩ ተጫዋች ሲይዝልን ጊዜ ሳቁን ተውነው።

ጥሩ ተጫዋች ስል ሰይድን ማለቴ ነው። ግብ ጠባቂያችንን። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ ጀራዲያ ውስጥ የአንድ ሕንጻ ዘበኛ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጉልበቱን ማከክ የሚችል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክንዱ እንደዚያ ነው። ማልያውን ስሰፋለት እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረና ከዓባያ ትራፊ ጥቁር ጨርቅ አንድ ስንዝር ቀጠልኩበት። ከዚያ ወዲህ ኳስ ባዳነ ቁጥር «ስንዝሯ የእኔ ናት» እያልኩ እጮሃለሁ። ሰው ሁሉ ለምዶኛል። እሱ አይጮህም፣ አይጨፍርም፣ ኳሱን ያቅፍና ትንሽ አንገቱን ይሰብራል፤ ልክ ሰው ቤት ገብቶ ብዙ የቀረበለት እንግዳ ይመስል።

አምና ነው። ከሱወይዲ ጋር ልንጫወት ጥቂት ሳምንት ሲቀረን፣ ደምሴ በስልካችን ቡድን ላይ ሦስት መስመር ጻፈ። ሰይድ ለሱወይዲ ሊሰጥ ነው። በምትኩ ጎበዝ አጥቂ መጥቷል። ስለ ድጋፋችሁ አመሰግናለሁ። ጻፈና ማንም እንዳይመልስለት ቆለፈው።

ተቆለፈ ስላችሁ፣ እኔ የስፌት ማሽኑን በእግሬ እየረገጥሁ ስልኬ ላይ ለመሳደብ ጣቴን ባነሣ የምጽፍበት ቦታ የለም። ንዴት መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የምሰፋውን ዓባያ እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ሰፋሁት። ከሰዓት በኋላ ስልክ ላይ ሌላ ቡድን ተከፈተ፤ ደምሴ የሌለበት። ስሙን «ሰይድን አትልቀቅብን» አልነው። እኔ ነኝ ያወጣሁለት። እስኪመሽ ግማሹ ጉበይራ ገባበት፤ ኳስ አይተው የማያውቁ ሴቶች ሁሉ ገቡ።

እንዴት ያለ ወሬ ነበር መሰላችሁ። አንዱ ሰይድ ሲያለቅስ አየሁት አለ። ሌላዋ እህል አልበላም ብሏል አለች። ደምሴ ግብ ጠባቂውን ለጠላት ሰጥቶ ከሱወይዲው ባለቤት ጋር ምሳ ሲበላ ታይቷል ተባለ፤ ምን እንደበሉ ጭምር። ሰይድን ደውሎ የጠየቀው ግን የለም። እኔም አልደወልኩም። ለምን ብትሉኝ፣ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

የመጀመሪያው ዓርብ ተቃውሞ ወጣን። ሐሳቡ የእኔ አልነበረም፣ ግን ያስተባበርኩት እኔ ነኝ፤ ያላ፣ ወንድሜ ጠጋ በል፣ እህቴ ዙሪ፣ እያልኩ። ሰይድ የለም፣ ቀርቷል። በቦታው እጁ ከጎሉ አግዳሚ የማይደርስ አንድ አጭር ወጥ ሠሪ ቆሟል። እኛ በሽቦው አጠገብ ተሰለፍንና ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም ጀርባችንን ወደ ሜዳው ሰጠን። በዚህ ዓይነት ሙሉውን ጨዋታ ላናይ ተማማልን።

ጀርባ ሰጥቶ ኳስ መስማት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኳሱ ሲመታ ይሰማችኋል፣ ሲንከባለል ይሰማችኋል፣ ሜዳ ውስጥ አንዱ «እሰይ» ሲል ምን እሰይ እንዳሰኘው አታውቁም። አምስት ደቂቃ እንደ ሰው ቻልኩት። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ራሴን ፎቶ እንደማነሣ አድርጌ በፊት ለፊቱ ካሜራ ከትከሻዬ ኋላ ሜዳውን ማየት ጀመርኩ። ጥሩ ይታያል። ግራና ቀኙ ይገለበጣል እንጂ ጥሩ ይታያል። ወደ ጎን ብዞር ሰልፈኛው በሙሉ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኗል። መሐላውን የሚያከብረው የስልኩ መስታወት የተሰበረበት ባለሱቁ ሐጂ ዑመር ብቻ ነበር፤ እሱም «ምን ሆነ? ማን ያዛት?» እያለ ያስቸግረናል።

አዲሱ አጥቂ ያን ዕለት አንድ ጎል አገባ። አልደብቃችሁም፣ ውብ ጎል ነበር። ግማሾቻችን ዞረን ዘለልን። ከዘለልን በኋላ ትዝ ሲለን ተመልሰን ጀርባችንን ሰጠን። ደምሴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከሽቦው ውጭ፣ ፊታችን ባለበት በኩል፣ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እየሄደ እያንዳንዳችንን ሰላም አለን። የዚያን ዓርብ የደጋፊውን ፊት ያየ ብቸኛ ሰው የምንቃወመው ሰውዬ ነበር።

ተቃውሞው እንዳልሠራ ሲገባን ሽማግሌ እንላክ ተባለ። የእኛ ሰው መጨረሻው ሽማግሌ ነው፤ ሚስት ሲፈልግም፣ ሲጣላም፣ ግብ ጠባቂ ሲወሰድበትም። ችግሩ ሪያድ ውስጥ ሽማግሌ የለም። ያረጀ ሰው አገሩ ይገባል፤ እዚህ የሚቀረው መሥራት የሚችል ነው። ከስንት ፍለጋ በኋላ ሁለት ተገኙ። አንዱ ሐጂ ዑመር፣ ባቅላ የሚሉት የሸቀጥ ሱቅ ያለው፣ ሸቀጥ እየመዘነ ስለ ኳስ የሚያወራ፣ የኳስ ነገር ከተነሣ ሰላምታ የሚረሳ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ ወርቁ፣ ሾፌር ናቸው፣ ዕድሜያቸው ብዙ አይደለም፤ ግን ጢማቸው ነጭ ነው። ሦስተኛ ሲጠፋ ደምሴ ማንን ይፈራል ተባለ። ሁሉም እኔን አለ።

ሴት ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ሐሙስ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ በጥቁሩ ዓባያ ላይ ነጭ ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ በመስታወት ራሴን አይቼ ራሴ ፈራሁ።

ደምሴ የተቀበለን ሱቁ ውስጥ ነው። ተቀመጡ አለን። አንቀመጥም አልን፤ የመጣንበት ሳይፈጸም ሽማግሌ እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ደግሞም ወንበር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ መኪና የሌላቸው የመኪና ወንበሮች ናቸው ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት። ቆምን። ደምሴም ቆመ። ጋሽ ወርቁ ምርቃት ጀመሩ፣ አስረዘሙት። ምርቃቱ ሳያልቅ ሐጂ ዑመር አንደኛው የኋላ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እሱ ከተቀመጠ እኛስ ምን ቀረን። ሦስታችንም አንድ የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረን፣ መሪ የሌለው፣ ጎማ የሌለው መኪና ውስጥ የምንጓዝ መስለን ጉዳያችንን አቀረብን።

እኔ ነኝ የተናገርኩት። ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ፣ ራሴን ማመስገን ባይሆንብኝ። ይህ ልጅ የእኛ ነው አልኩ። ጉበይራ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው፣ ጉበይራ አጨበጨበለት፣ እጅጌውን የቀጠልኩለት እኔ ነኝ። ውል አለህ፣ ወረቀቱ እጅህ ላይ ነው፣ አንተ ካልፈረምክ የትም አይሄድም። ስለዚህ አትፈርም። ያዘው። ሰይድን አትልቀቅብን።

ደምሴ መሳቢያውን ከፈተና ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ ስንዱ፣ ልጁ ልቀቀኝ ካለኝ አራት ወሩ ነው» አለኝ። «አራት ወር ሙሉ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለእናንተ ብዬ።»

ከዚያ ነገሩን ነገረን። ሰይድ ሚስት አለችው፣ ዘሃራ የምትባል። ከጥቂት ወራት በፊት ሱወይዲ ውስጥ አንድ ቤት ልትሠራ መጥታለች። ማዳሟ ባል እዚሁ ከተማ እንዳላት አታውቅም፤ ብታውቅ ጠፍታ ልትሄድብኝ ነው ብላ በሩን ትቆልፍባታለች። ዘሃራ ከዚያ ቤት የምትወጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ የማዳሟን ሁለት ልጆች ዥዋዥዌ ልታጫውት። ዥዋዥዌው ያለው ደግሞ የሱወይዲ ቡድን ከሚጫወትበት ሜዳ ጎን፣ ከአንደኛው ጎል ጀርባ ነው፤ የሚለያቸው ሽቦ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ሰይድ የት ነው? ጉበይራ። የእኛን ጎል ይጠብቃል። እኛ እናጨበጭብለታለን።

ታዲያ ኳሱን ትቶ ሄዶ ሽቦው ሥር አይቆምም ወይ፣ አሉ ጋሽ ወርቁ። ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ያለ ሥራ የሚቆም ወንድ እንኳን በየሳምንቱ፣ አንድ ቀንም አይቆይም፤ ዘበኛው ያባርረዋል፣ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን አሳይ ይባላል። ግብ ጠባቂን ግን ለምን ቆምክ የሚለው የለም። ሥራው መቆም ነው።

ሐጂ ዑመር የኳስ ሰው ነውና አሰበበት። «ከዕረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩስ?» አለ።

«ግማሹ ሰዓት ይበቃናል ብለዋል» አለ ደምሴ።

ያ ወንበር ድሮ የታክሲ ይሁን የማን አላውቅም፣ ግን እንደዚያ ዝም ያሉ ተሳፋሪዎች ጭኖ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እሺ፣ አራት ወር እንቢ ያልክ አሁን ምን አገኘህና ልትለቀው ነው አልኩት። ደምሴ ሱቅ አለው ስላችሁ የራሱ ጌታ እንዳይመስላችሁ፤ ኢቃማው ላይ የቤት ሾፌር ነው፣ ከፊሉ ካልፈቀደለት ከከተማ አይወጣም። እናቱ ታማ አገሩ ደርሶ ለመመለስ ፈቃድ ጠይቆ፣ ኢንሻአላህ፣ ነገ፣ ሳምንት፣ እየተባለ ሲመላለስ ሰንብቷል። እናቱ ደህና ሆነች፣ ፈቃዱ ግን እስከዚያ ቀን አልተፈረመም።

«ከፊሌ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይታወቃል፣ ውል ውል ነው ሲለኝ» አለ፣ «ይህን ድምፅ የት ነው የማውቀው ብዬ አሰብኩ። የራሴ ነበር።»

ከዚያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና እጁን አጣጥፎ ቆመ። «ገና አልፈረምኩም። ሽማግሌ ናችሁ፣ ያዘው ካላችሁኝ እይዘዋለሁ። ፍረዱ።»

ይህን ይመስላል የደረሰብን። ልንለምን መጥተን ዳኛ ሆነን ቀረን። የሰው ዓርብ፣ የሰው ሚስት፣ ጉልበቴ ላይ በወረቀት ተቀምጧል።

ተመካከርን። ሐጂ ዑመር ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አዎ ይሂድ፣ ይሂድ አለ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ግን የሱወይዲው ጨዋታ ሳምንታት ነው የቀረው፣ ከዚያ በኋላ ቢሄድስ አለ። ጋሽ ወርቁም ጢማቸውን ያዙና እውነት ነው፣ ጥቂት ሳምንት ምን አላት አሉ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ «እውነት ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛዋ ማዳሜ ትዝ ያለችኝ። አነሣታለሁ ያልኳችሁ። ክፉ ሴት አልነበረችም። አትመታም፣ አትሳደብም፣ ደሞዝ አትይዝም። የእኔን ሳምቡሳ ትወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እጄን ይዛ ሳሎን ታስገባኝና፣ የሠራችው ይህቺ ናት ትላለች። ውሌ ሲያልቅ ሂጂ አላለችኝም። ከረመዳን በኋላ አለች። ከዚያ ከሐጅ በኋላ። ከዚያ ልጄ ትዳርና። አንቺን የመሰለ የት አገኛለሁ እያለች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች፣ ሁለት ዓመት ያዘችኝ። ሰው የሚጠላችሁ ከሆነ ትጣሉታላችሁ፣ ትጮሁበታላችሁ፣ አቤት ትሉበታላችሁ። ወድዶ የያዛችሁን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ሳምቡሳ ትሠሩለታላችሁ።

እንግዲህ እኛም ሰይድን ስለወደድን ነው። ልዩነቷ እኔ ያኔ ኩሽና ውስጥ፣ እሱ ጎል ውስጥ መሆናችን ብቻ ነው። ይህን ነገርኳቸው። ሐጂ ዑመር ብዕሩን ራሱ አንሥቶ ለደምሴ ሰጠው። ደምሴ ፈረመ። ሐጂ ዑመር አላየሁም ለማለት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

አሁን ደግሞ ለሕዝቡ ምን እንበል? «ሰይድን አትልቀቅብን» ሱቁ በር ላይ ሊሰበሰብ ምንም አልቀረውም፤ ስልኬ ዓባያዬ ውስጥ እንደ ንብ ይነዝራል። እውነቱን ብንናገር በማግስቱ ሱወይዲ ትሰማለች፣ በሳልስቱ የዘሃራ ማዳም ትሰማለች። የእኛ ሰው ምስጢር ሲጠብቅ አይታችኋል? «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ለሁሉም ይነግራል። ስለዚህ ደምሴ ራሱ፣ ለመንነው እንቢ አለን በሏቸው አለ። ስድቡን ለምጄዋለሁ አለ። ወጥተን እንደዚያው አልን። እኔ ጨመር አድርጌበት፣ ልቡ ድንጋይ ነው አልኩ። አምነው ከተቀበሉኝ ለምን አላሳምረውም።

ቅዳሜ ዕለት ሰይድ የምሰፋበት ሱቅ ድረስ መጣ፤ ፌስታል ይዟል። በሩ ላይ አንገቱን ሰብሮ ቆመና «እታለም፣ አፉ በይኝ» አለኝ፤ ይቅር በይኝ ማለቱ ነው በወሎኛ። ፌስታሉን ከፈትኩት። የሱወይዲ ማልያ ነው። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቶበታል።

የጠላት ማልያ ሰፋችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ስንዝር ቀጠልኩለት። ጥቁር ክር አልቆብኝ ሳይሆን ሆን ብዬ በጉበይራ ማልያ ቀለም፣ በቀይ ክር ዘመዘምኩት።

የሱወይዲው ጨዋታ ሱወይዲ ሜዳ ላይ ሆነ። ያን ቀን ጀርባ የሚሰጥ አልነበረም፤ ሰው ደምሴን ለመስደብ ፊቱን ይፈልገዋል። ከዕረፍት በፊት ሰይድ ወዲያኛው ጎል ላይ ነበር፤ ከዕረፍት በኋላ ሽቦው ወዳለበት መጣ። እኔ ኳሱን ትቼ ከሽቦው ማዶ ማየት ያዝኩ። ጥቁር በጥቁር የለበሱ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ልጅ ይዘዋል። ዘሃራን ለመለየት ግን አልተቸገርኩም። ሌሎቹ ዥዋዥዌውን እያዩ ይገፋሉ። አንዷ ግን ዥዋዥዌውን ሳታይ ትገፋለች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ባዶ ለባዶ እያለን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። መቺው ማን ቢሆን? በሰይድ ምትክ የመጣው አጥቂያችን። መታው፣ ጥሩ መታው፣ ወደ ጥጉ። ሰይድ ተዘረጋ፤ ያ ክንድ ወጣ ወጣና፣ ኳሷ ቀዩን ክር ነክታ ወደ ውጭ ሄደች። ከሽቦው ማዶ ያቺ ሴት ዥዋዥዌውን እንዴት አድርጋ እንደገፋችው አላውቅም፣ ሕፃኑ ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረው። ሳቁ እኛ ድረስ ተሰማ።

እኔም ዘልዬ ተነሣሁና «ስንዝሯ የእኔ ናት» ብዬ ጮህኩ።

ዞሬ ባይ ጉበይራ በሙሉ እኔን ያያል። የራሳችን ቅጣት ምት ከሸፈ ብላ የጮኸች አንዲት አክስት። ሐጂ ዑመር ነጠላዬን ጎትቶ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ፣ አልሆነም፣ ዘግይቷል።

ማታውኑ «ሰይድን አትልቀቅብን» ላይ ስለ እኔ ውሳኔ ተላለፈ። እኔ በከፈትኩት ቡድን፣ እኔ ባወጣሁት ስም ሥር። ስንዱን ለሱወይዲ እንስጥ። አንዳንዱ በምትኳ ምን እንቀበል እያለ ይከራከራል፤ አንዷ ሁለት ወንበር ይበቃል ብላለች፣ ስሟን ይዤዋለሁ። እውነቱን ልናገር አልችል። ተሳሳትኩ ልበል አልተሳሳትኩ።

ይኸው ዛሬ የምጽፈው ዘሃራ ውሏን ጨርሳ ኮምቦልቻ ስለገባች ነው፤ ሰይድም ሊከተላት ዕቃውን ያሥራል። ደምሴም ፈቃዱ ከብዙ ነገ በኋላ ተፈርሞለት እናቱን አይቷት ተመልሷል፤ ዓርብ ዓርብ እስከ ዛሬ ይሰደባል። እኔም እሰድበዋለሁ፤ ካቆምኩ ይጠረጥሩኛል። ከጎኔ ሲያልፍ ሩዙን ጨመር ያደርግልኛል።

የእኔ ዝውውር ግን አልተፈጸመም። የዚያን ሰሞን ከደጋፊዎቹ ሦስት ሽማግሌ ወደ ደምሴ ተላከ፣ ስንዱን ልቀቃት ሊሉት። ያቺው የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ለምነውታል። እሱ ግን ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ ማልያችንን የምትሰፋው እሷ ናት፣ እሷን አልለቅም አላቸው። እነሱም ተናደው ተመለሱ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ፣ እቆያለሁ እል ነበር።